ባቡሩ የት ይቆማል?
የድሬዳዋ መስመርና የገጠሩ መንገደኛ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ታሪክ ሲነሣ ሁሌም የሚወሳው ስለ ምኒልክ፣ ስለ ፈረንሳዮችና ስለ ውሉ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም በዚሁ ባቡር ከአዲስ አበባ መውጣታቸው ይነገራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መጻፍም ያለበት ነው። ነገር ግን በዚያው ባቡር መጨረሻ ፉርጎ ላይ ፍየልዋን ይዛ ስለምትሳፈረው የሚኤሶ ሴት የሚያነሣ ብዙ ሰው የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው እሷን ነው። ምክንያቱም የአንድ ባቡር ወይም የአንድ አውቶቡስ ጥቅም ለገጠር ሰው የሚለካው በሚሄድበት ፍጥነት ብቻ አይደለም። እሷ ደጃፍ ይቆማል ወይ? መቼ ይመጣል? ከጣቢያው ወርዳ ቤቷ በምን ትደርሳለች? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። የ100 ዓመቱን ታሪክ በነዚህ ጥያቄዎች ብናየው ዛሬ ምን መጠየቅ እንዳለብን ይታየናል።

ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው በኛ አቆጣጠር ነው።

ከሐረር የሸሸው ሀዲድ

ዳግማዊ ምኒልክ ባቡር የማሠራት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። የተቀበለው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሆን ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚቆይ ነበር። ኢልግ ሌዎን ሼፍኔ ከተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። ከዚያ በፊት ከባሕር ወደ መሐል አገር የሚገባው ዕቃ በግመል ነበር የሚጫነው፤ ጉዞውም ሳምንታትን ይፈጅ ነበር።

በመጀመሪያው ሐሳብ ሀዲዱ ሐረር ይገባ ነበር። ሐረር ያኔ የምሥራቁ ትልቅ ገበያ ናት። ነገር ግን ከተማዋ ያለችው ተራራ ላይ ነው። ሀዲዱን ዳገት ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ፤ ኩባንያው ደግሞ ያን ጊዜም ገንዘብ አጥሮት ነበር። ስለዚህ ሀዲዱ ቆላውን ይዞ ቀረና በተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ባቡሩ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው። ያቺ ከተማ ድሬዳዋ ናት። በደቻቱ ወንዝ አንድ ዳር ኩባንያው ቀጥ ያለ ጎዳና አውጥቶ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ለሠራተኞቹ ቤት እየሠራ ገዚራን አቆመ፤ በወዲያኛው ዳር ደግሞ ነጋዴውና አገሬው መጋላን ሞላው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታየው ነገር ይኼ ነው። ሀዲዱ ያለፈበት ቦታ ከተማ ይሆናል፤ የዘለለው ከተማ ደግሞ፣ የዘመናት ታሪክ ያለው ሐረርም ቢሆን፣ ንግዱ ወደ ቆላ ይወርድበታል። ውሳኔው የተደረገው በመሐንዲስ ስሌት ነው። የሐረርን ነጋዴ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ምኒልክ ራሳቸውም ቢሆኑ የተጠየቁ አልመሰላቸውም። በ1894 ዓ.ም ኩባንያው ሊከስር ሲል የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉመው ተስማማ፤ በዚህም በመስመሩ ላይ ሥልጣን አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ሳያውቁት በተደረገው ውል ተቆጡ። ድሬዳዋ ላይ በተደረገው የምረቃ በዓል አልተገኙም፤ ሥራው ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥልም አልፈቀዱም። ለዓመታት ሀዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ቀረ። የመጀመሪያው ኩባንያ ፈረሰ፤ በ1900 ዓ.ም በአዲስ ኩባንያ አዲስ ውል ተደረገ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም ነው፤ የሰገሌ ጦርነት በተደረገበት በዚያው ዓመት።

ጣቢያው እንዴት መንደር ሆነ

መስመሩ በሙሉ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ዛሬ ስንሰማው ያስቃል። ነገር ግን ያ ዝግታ ለገጠሩ ሰው ጥቅም ነበረው። መንገደኛ ያደረበት ቦታ እራት ይበላል፤ እራት ያለበት ቦታ ደግሞ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠላ ሻጭ፣ አልጋ አከራይ ይኖራል። አዋሽ ሰባት የቆመችው በዚህ ነው፤ የጣቢያዋ ቡፌም በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነበር።

ሌላው ምክንያት ውሃ ነው። የእንፋሎት ማሽን ውሃ ይጠጣል። የናፍጣ ሞተር እስኪመጣ ድረስ ባቡሩ በዚያ ደረቅ ምድር እየቆመ ጋኑን መሙላት ነበረበት። ስለዚህ ከጅቡቲ ድንበር ጀምሮ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፤ ከድሬዳዋ ወዲህ ደግሞ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ እያለ የጣቢያ ሰንሰለት ተዘረጋ። የጣቢያ ሹም ተቀመጠ፤ የሀዲድ ጠጋኝ ቤት ተሠራለት፤ የቴሌግራፍ ሽቦ አብሮ ተዘረጋ። ወታደር መጣ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት። በሱማሌው፣ በአፋሩና በኦሮሞው አርብቶ አደር ምድር ላይ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ከተሞች ብዙዎቹ የበቀሉት በዚህ መንገድ ነው።

መስመሩ የተሠራው ለገጠሩ ሰው ተብሎ አለመሆኑን መርሳት የለብንም። የተሠራው ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ለማውጣት፣ ጨርቅና ጦር መሣሪያ ወደ ውስጥ ለማስገባት ነው። የኢሳ ግመል ነጂዎች እንጀራቸው ስለሚነካ፣ መሬታቸውም ስለተቆረሰ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ሥራው ላይም አደጋ ይጥሉ ነበር። ኩባንያው በመጨረሻ ለጎሣ መሪዎች ገንዘብ መክፈል ነበረበት። ነገር ግን ባቡሩ መቆሙ ካልቀረ ሰው መሳፈሩ አይቀርም። በሦስተኛ ማዕረግ ሰውና ዕቃ ተደባልቆ ይሄዳል። የኤረር ብርቱካን በመስኮት ይሸጣል። ወተት፣ ፍየል፣ ከሰል፣ ጫት ይጫናል። ከጨርጨር ደጋ ቡናው ወደ ሚኤሶ ጣቢያ ይወርዳል፤ ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅ በሴቶች ቀሚስ ሥር ተጠቅልሎ ድሬዳዋ ይገባል። ኬላ ጠባቂና ነጋዴ ሴት እድሜ ልካቸውን ድብብቆሽ ተጫውተዋል። ያ ንግድ በሕግ ኮንትሮባንድ ይባል እንጂ፣ በዚያ ንግድ ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶች ብዙ ናቸው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቃል።

ባቡሩ ሌላም ነገር አመጣ፤ ደመወዝተኛ። ድሬዳዋ የጥገናው ማዕከል ስለነበረች ብረት ቀጥቃጩ፣ ቶርኖ ሠራተኛው፣ ማሽኒስቱ፣ ትኬት ቆራጩ እዚያ ተሰበሰቡ። ስለዚህም የባቡር ሠራተኞች በአገራችን ስለ ሥራ መብታቸው በማኅበር ለመደራጀት ከሞከሩት ከመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። በሰው አገር ማኅበር አቋቁመን ይህንን መጽሔት የምናነብ እኛ ይህን ማወቅ ይገባናል።

አውቶቡሱ መጣ፤ ባቡሩ ደከመ

ከጣሊያን በኋላ መንገድ መሥራት ዋናው የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1943 ዓ.ም ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። አውቶቡስና የጭነት መኪና በየአቅጣጫው ወጣ። የአሰብ ወደብ በመኪና መንገድ ከመሐል አገር ጋር ስለተገናኘ፣ ለባቡሩ ይደርስ የነበረው ጭነት ወደዚያ ዞረ። በ1952 ዓ.ም ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ይዛ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ግን ሀዲዱን የሚያድስ በቂ ገንዘብ የመደበ መንግሥት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚያ መከራው ተከታተለ። በ1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር ሲገባ ድልድዮች ተሰባብረው መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ነጻ ስለወጣች በ1973 ኩባንያው የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆኖ እንደገና ተዋቀረ። በጥር 1977 ዓ.ም ደግሞ አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር በጥምዝ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሄዶ ከሀዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ዕቃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ለዘመናት ሲጠብቀው የነበረ ጭነት በደጁ መጣለት ማለት ነው። ግን ሀዲዱ አልቋል፣ ማሽኑ አርጅቷል። ጭነቱን የወሰዱት መኪኖች ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ቢጀመርም እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ጉዞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያለው ክፍል ብቻ እየቆመ እየተነሣ ጥቂት ጊዜ ሠራ።

በዚያን ጊዜ የተጎዳው ማነው? አዲስ አበባ ያለው ሰው አውቶቡስ አለው። ዋናው የመኪና መንገድ የሚያልፍባቸው አዳማና መተሐራም አላቸው። የተጎዱት ሀዲዱ ብቻ ያገናኛቸው የነበሩ ትንንሽ ጣቢያዎች ናቸው። ዋናው አስፋልት ከሚኤሶ ወደ ደጋው ይወጣና በአሰበ ተፈሪ በኩል ተራራ ተራራውን ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይሄዳል። አፍደም፣ ኤረርና አዲጋላ በቆላው ቀሩ። ነጋዴዋ ያቺው ናት፣ ፍየሉም ያው ነው፤ የጠፋው ባቡሩ ነው። ወይ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሰቅላ በአሸዋ መንገድ ትሄዳለች፤ ወይ ገበያው ይቀርባታል።

ስለ አውቶቡሱም ቢሆን እውነቱን እናውራ። የገጠሩን ትራንስፖርት በሰፊው የያዘው አሮጌ ሚኒባስና ቅጥቅጥ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወዲያ ደግሞ ባጃጅና ሞተር ሳይክል። መኪናው መናኸሪያ ገብቶ ተራ ይይዛል፣ እስኪሞላ ይቆማል። ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ መነሻው "ሲሞላ" ነው። ገበያ ቀን ትርፍ ይጫናል፣ ከታሪፍ በላይ ይጠየቃል። ገበያ ባልሆነ ቀን ደግሞ ወላድ ሆስፒታል ለማድረስ እንኳ መኪና ይጠፋል። መንግሥት ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ሁሉንም ቀበሌ በጋ ከክረምት በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ትልቅ ፕሮግራም ጀምሮ ብዙ ጠጠር መንገድ ተሠርቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መንገድ መኖሩ ብቻውን መኪና አያመጣም። ባለ መኪናው የሚሄደው ትርፍ ወዳለበት ነው።

አዲሱ ባቡር

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ ነጋድ ድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ የገንዘቡ ትልቁ ክፍል የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ሲሆን፣ ቻይናውያኑ ለዓመታት ካንቀሳቀሱት በኋላ በ2016 ዓ.ም ሥራው በሙሉ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ የጋራ ኩባንያ ተላለፈ። ዛሬ ማሽኑን የሚነዱት የኛ ልጆች ናቸው። የሚያኮራ ነገር ነው፤ ማጣጣል አይገባም።

አሁንም ግን ያቺን የሚኤሶ ሴት ይዘን እንጠይቅ። የት ይቆማል? መስመሩ ላይ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው፤ ሕንፃዎቹም ያማሩ ናቸው። የመንገደኛው ባቡር የሚያገለግለው ግን ጥቂቶቹን ነው። ቀንም እያሳለፈ ነው ሲሄድ የቆየው። ሀዲዱ የተሠራው ለወደቡ ጭነት ስለሆነ ቅድሚያ ያለው ኮንቴይነሩ ነው። በአርብቶ አደሩ አገር ሲያልፍ ደግሞ ሀዲዱ የግጦሽ መሬቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ግመልና ከብት በባቡር እየተገጨ ባለቤቶቹ ካሣ ሲጠይቁ፣ ኩባንያውም ሲከፍል ቆይቷል። ለአርብቶ አደሩ ባቡሩ የማይሳፈርበት፣ ከብቱን ግን የሚገድልበት ነገር ሆኖ ከታየው እንዴት ይፈረድበታል? ኢሳዎቹ በ1890ዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ከ100 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከጣቢያ በኋላስ? አሮጌው ለገሃር በከተማው እምብርት ነበር፤ የድሬዳዋውም እንዲሁ ገዚራ ላይ። አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ውጪ ናቸው። መሬት የማስለቀቁ ወጪ እንዲቀንስና ሀዲዱ ቀጥ እንዲል የተደረገ ነው፤ ሐረርን ያስቀረው ስሌት ዓይነት። አዲስ አበባ ላይ መሳፈሪያው ፉሪ ለቡ ነው። በ2008 የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡር እስከዚያ አይደርስም። ሁለት የኤሌክትሪክ ባቡር ባላት ከተማ ከአንዱ ወርደህ ሌላው ጋ ለመድረስ ታክሲ ትጠብቃለህ። አሮጌው የለገሃር ግቢ ደግሞ የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ኩባንያ ለሚሠራው ትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር ተሰጥቷል። ባሕረ ሰላጤው እኛን ቀጥሮ፣ አሮጌውን ጣቢያችንን ደግሞ ያለማል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ታሪኩ የሚያሳየው ለገጠሩ የሚበጀው ነገር ብዙ ጊዜ ትልቅ ብድር የማይጠይቅ መሆኑን ነው። ዋናው ወጪ፣ ማለትም ሀዲዱ፣ ከወጣ ቆይቷል። የቀረው ትንንሽ ሥራ ነው።

አንደኛው ማቆም ነው። አሮጌው ባቡር ሰውና ጭነት ደባልቆ በየጣቢያው ይቆም ነበር። ከፈጣኑ ጉዞ ጎን በሳምንት ጥቂት ቀን፣ በገበያ ቀን በተለይ፣ በየትንሹ ጣቢያ የሚቆም ባቡር ቢኖር ጣቢያዎቹ አሉ፣ ሕንፃው ቆሟል። ለፍየልና ለወተት የሚሆን ፉርጎ ቢታከልበት ደግሞ አርብቶ አደሩ ሀዲዱን እንደ ራሱ ንብረት ያያል። የራሱን ንብረት ደግሞ ሰው ይጠብቃል።

ሁለተኛው ከባቡሩ ጋር የሚገጥም አውቶቡስ ነው። ይህን የባሕረ ሰላጤ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዱባይ ሜትሮ በ2002 ዓ.ም መባቻ ሲከፈት ከጣቢያው ሠፈር ለሠፈር የሚያደርስ አውቶቡስ አብሮ ነበር የተሰማራው፤ ከባቡሩ የወረደ ሰው በዚያው ካርድ አውቶቡስ ይሳፈራል። እዚያ የሚሠሩ ልጆቻችን በየቀኑ የሚሄዱበት ነው። በአገራችን መናኸሪያው ለብቻው፣ ባቡሩ ለብቻው ነው። መንገድ ትራንስፖርት መኪኖችን ሲያሰማራ የባቡሩን ሰዓት አይቶ ቢያሰማራ፣ ከአሰበ ተፈሪ የሚወርደው ሚኒባስ ባቡሩ ሚኤሶ በሚደርስበት ሰዓት እዚያ ቢጠብቅ፣ አዲስ አስፋልት ሳይነጠፍ የደጋው ሰው የባቡር ተጠቃሚ ይሆናል።

ሦስተኛው የታወቀ ሰዓትና የታወቀ ዋጋ ነው። አሮጌው ባቡር ቢዘገይም ሰው ቀኑን ያውቅ ነበር፤ የሠርጉም የገበያውም ቀን የሚቆረጠው የባቡሩ ቀን ታይቶ ነው። ትኬቱ ከከተማ ውጪ ካለ ጣቢያ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ትኬት መግዛት ራሱ አንድ ጉዞ ይሆናል። መሐል ከተማ ላይ አንድ መስኮት መክፈት ምን ያህል ያስወጣል?

አራተኛው ከብት ማሻገሪያ ነው። በቂ መተላለፊያ በከብቱ የቆየ መንገድ ላይ ከተሠራ ካሣውም ይቀንሳል፣ ባቡሩም በሙሉ ፍጥነቱ ይሄዳል። የት የት መሆን እንዳለበት የሚያውቁት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ መሐንዲሱ እነሱን መጠየቅ አለበት።

ይህ ጉዳይ እኛን አይመለከትም የሚል አይጠፋም። ይመለከተናል። ከመካከላችን ለወንድሟ ባጃጅ የገዛች፣ ከእህቱ ጋር ሆኖ ለሚኒባስ ያዋጣ ስንት አለ? በብዙ ትንንሽ ከተሞቻችን ሰው የሚያመላልሰው ከዚህ በተላከ ገንዘብ የተገዛ መኪና ነው። ገንዘቡ ይላካል፣ መኪናው ይገዛል፤ ከዚያ ሁሉም ያንኑ አንድ መንገድ ይዞ ይሻማል፣ ሁለት ቀበሌ ወዲያ ያለው ሰው ግን በእግሩ ይሄዳል። ለቤተሰባችን መኪና ስናስብ የት መስመር ነው፣ ማንን ያገናኛል፣ ከምን ጋር ይገጥማል ብለን ብንጠይቅ ለኪሳችንም ይሻላል። በየአገራችን የልማት ማኅበርም ስንሰበሰብ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ማሠራት የለመድነው ነገር ነው። ወላዷን ጤና ጣቢያው ድረስ የሚያመላልስ፣ ቀንና ሰዓቱ የታወቀ አንድ መኪናም ከዚያ የማይተናነስ ሥራ ነው።

ደግሞም ወደ አገር የሚመለስ ሰው ቦሌ ሲወርድ ጉዞው አላለቀም። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው 30 ኪሎ ሜትር ነው። ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ የገባች ልጅ ከየትኛው ደላላ ጋር ስንት ብር እንደምትከራከር እናውቃለን። ሚኤሶ፣ ኤረር ወይም አፍደም የሚቆም ባቡር ቢኖር፣ ከጣቢያውም በር በታሪፍ የምትሳፈርበት ሚኒባስ ቢጠብቃት፣ ያን ክርክር አታውቀውም ነበር።